በራችንን የሚያንኳኩት ወጣቶችና የሐዋርያት አደራ



ሐምሌ 5 ቀን የጾመ ሐዋርያት ፍጻሜ ነው። ዓሣ አጥማጁ ጴጥሮስና ድንኳን ሰፊው ጳውሎስ ወንጌልን ይዘው ከአገር አገር ከዞሩ በኋላ፣ በሮም ከተማ በኔሮን ቄሣር ዘመን አንዱ ቁልቁል ተሰቅሎ፣ ሌላው በሰይፍ ተቀልቶ ሩጫቸውን ፈጽመዋል። ጌታችን ሐዋርያቱን ሲልካቸው ሁለት ሁለት አድርጎ፣ ከረጢትና ስንቅ ሳያስይዝ መሆኑን ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ በምዕራፍ 6 ጽፎልናል። ይህን በዓል ባከበርን ቁጥር ከሁለት ዓመት በፊት በጀርመን አገር ያጋጠመን አንድ ነገር ወደ ልቡናችን ይመጣል፤ ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች ይጠቅማል ብለን ስላመንን ዛሬ እናቀርበዋለን።

ጊዜው ጾመ ሐዋርያት፣ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ለአገልግሎት ወደ ፍራንክፈርት ሄደን ከአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ ዘንድ በእንግድነት ዐርፈናል። እመቤቲቱ ቡናውን አፍልተው አቦሉን ሊቀዱ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። የ17 ዓመት ልጃቸው ቢከፍት ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ክራቫት ያሰሩ፣ በደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ የለጠፉ ሁለት ወጣቶች ቆመዋል። የመጡት ስለ ሃይማኖታቸው ለመናገር ነበር። እውነቱን ለመናገር የእኛ የመጀመሪያ አሳብ በሩ ቶሎ እንዲዘጋ ነበር። እመቤቲቱ ግን «እንግዳ ከደጅ አይመለስም፤ ግቡ ልጆቼ» ብለው አስቀመጧቸው።

ሕምባሻ ቀረበላቸው፤ አመስግነው በሉ። ቡናው ሲሰጣቸው ግን እጃቸውን በአክብሮት ደረታቸው ላይ አድርገው አልጠጡም አሉ። እመቤቲቱ ደንገጥ ብለው «መምህር፣ እነዚህም እንደኛ ጾም ላይ ናቸው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁን። ነገሩ ጾም አይደለም። ወጣቶቹ ሞርሞን ተብለው የሚታወቁት፣ ራሳቸውን ግን «የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ብለው የሚጠሩት ሰዎች ልጆች ናቸው። እነርሱም ከ1833 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በመጣ ሥርዓታቸው መሠረት ቡናም፣ ሻይም፣ አልኮልም፣ ትንባሆም አይቀምሱም።

ስለ አነሳሳቸው ጥቂት ማለት ይገባል። ይህ ማኅበር ጆሴፍ ስሚዝ በሚባል አሜሪካዊ አማካይነት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 1830 በኒው ዮርክ ግዛት ተመሠረተ። መሥራቹ መልአክ ካመለከተው የወርቅ ሰሌዳ ተረጐምሁት ያለውን «መጽሐፈ ሞርሞን» በዚያው ዓመት አሳተመ። እርሱ ከተገደለ በኋላ ተከታዮቹ በብሪገም ያንግ መሪነት ወደ ምዕራብ ተሰደዱና በ1847 በዩታ ምድር፣ ሶልት ሌክ ሲቲ በተባለችው ሥፍራ ሠፈሩ። ማዕከላቸው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። በመላው ዓለም የተሠማሩት የሙሉ ጊዜ ሰባኪዎቻቸው ከ70 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው።

በቤታችን ከተቀመጡት አንዱ ዕድሜው 19 ነው። በአሜሪካ በአይዳሆ ግዛት ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወልዷል። በደረቱ ሰሌዳ ላይ ከስሙ በፊት የተጻፈው ማዕረግ «ሽማግሌ» ማለት መሆኑ ሲነገራቸው እመቤቲቱ «ጢም ያላወጣ ሽማግሌ!» ብለው ሳቁ፤ ልጁም ሲተረጐምለት አብሮ ሳቀ።

አኗኗራቸውን በጠየቅነው ጊዜ የነገረን እንዲህ ነው። ወንዶቹ ሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ 18 ወር ያገለግላሉ። ቀድሞ ወንዶች በ19 ዓመታቸው ይላኩ ነበር፤ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን በ18 ዓመታቸው መሄድ ተፈቅዶላቸዋል። የሚሄዱበትን አገር ራሳቸው አይመርጡም፤ የጥሪው ደብዳቤ የት እንደሚልካቸው እስኪከፈት አያውቁም። ደመወዝ የላቸውም። እንዲያውም ወጪውን የሚሸፍኑት እነርሱና ወላጆቻቸው ናቸው፤ እንደ አሜሪካ ካሉ አገሮች የሚላክ ወጣት ከ2020 ወዲህ በየወሩ 500 ዶላር ያዋጣል። ይህ ልጅ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በጎረቤት እርሻ እየሠራ ያጠራቀመውን ይዞ መጥቷል።

የዕለት ሥርዓታቸው በተለምዶ እንዲህ የተደነገገ ነው። ከንጋቱ በ12 ሰዓት ተኩል ይነሣሉ። ጸልየው፣ ሰውነታቸውን አፍታትተው፣ ቁርስ ከበሉ በኋላ ከ2 ሰዓት ጀምሮ መጻሕፍቶቻቸውን መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቀጥሎም ሁለቱ በአንድነት ያጠናሉ። በ4 ሰዓት ይወጣሉ፤ በእግር ወይም በብስክሌት ከደጅ ደጅ ሲዞሩ ውለው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ይመለሳሉ፤ በ4 ሰዓት ተኩል መብራት ይጠፋል። ጓደኛሞቹ ከቶ አይለያዩም። የፍቅር ጓደኛ መያዝ በአገልግሎት ዘመናቸው ክልክል ነው። በሳምንት አንድ ቀን ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ለቤተ ሰብ ይጽፋሉ።

እመቤቲቱ ይህን ሁሉ ሰምተው የእናት ጥያቄ አመጡ፤ «እናትህስ ድምፅህን ትሰማለች?» አሉት። ቀድሞ ስልክ የሚፈቀደው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በልደት በዓልና በእናቶች ቀን ብቻ እንደ ነበረ፣ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን በየሳምንቱ መነጋገር እንደ ተቻለ መለሰላቸው። ቀጥሎም በአብዛኛው ቀን የሚከፈትላቸው በር እንደሌለ፣ ከመጣ ጀምሮ ቁጭ ብሎ እንጀራ የቆረሰበት ቤት ጥቂት እንደሆነ በዝግታ ተናገረ። እመቤቲቱ ሌላ ሕምባሻ ጨመሩለት።

ውድ አንባብያን፣ እስከዚህ ያለው የትጋት ታሪክ ነው። ጨዋታው ወደ ሃይማኖት በተመለሰ ጊዜ ግን የሆነው ሌላ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እርሱ ነው።

እኛ ጀርመንኛ አንችልም። አስተርጓሚያችን እዚያው ተወልዶ ያደገው የቤቱ ልጅ ነበር። ወጣቱ ሰባኪ «ቤተ ክርስቲያናችሁ ስለ እግዚአብሔር ምን ታስተምራለች?» ሲል ልጁን ጠየቀው። ልጁ ዘወር ብሎ እኛን አየ። እኛም በመንፈሳዊ ኮሌጅ እንደ ተማርነው «አንድ ባሕርይ፣ ሦስት አካል ብለን እናምናለን» አልን። ልጁ ጥቂት ካሰበ በኋላ ተረጐመ። ወጣቱ ሰባኪ ፊቱ በራ፤ ራሱንም ነቀነቀ። ምን ብለህ ነገርኸው ብንለው «ሦስት ሰውነት ያላቸው አልሁት» አለን። በቤትና በትምህርት ቤት የሚያውቀው አካል እጅና እግር፣ ሥጋና አጥንት ነው፤ ሊቃውንት በምሥጢረ ሥላሴ የሚናገሩትን አካል ማንም አላስተማረውም።

ሰባኪው የተደሰተውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በእነርሱ ትምህርት አብና ወልድ ሥጋና አጥንት ያላቸው፣ በመለኮት አንድ ሳይሆኑ በአሳብና በዓላማ ብቻ የሚስማሙ የተለያዩ አካላት ናቸው። ይህም በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት ካጸኑት፣ እኛም በየቅዳሴው ከምንመሰክረው ሃይማኖት ፈጽሞ የራቀ ነው። እነርሱ እውነተኛዪቱ ቤተ ክርስቲያን ከሐዋርያት በኋላ ከምድር ጠፍታ በ1830 ተመለሰች ይላሉ፤ እኛ ግን ክህነቱና ምሥጢራቱ ከሐዋርያት እስከ ዛሬ ሳይቋረጡ እንደ ወረዱ እናምናለን። እንዲህ ያለ ሰፊ ገደል በመካከላችን ሳለ፣ አንድ ያልተማረ ቃል በቅጽበት አንድ ያደረገን መሰለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ደከምን። አካል ያልነው ሥጋ እንዳልሆነ፣ አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት ሲሆኑ በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በህልውና አንድ መሆናቸውን በፀሓይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት እየመሰልን ነገርነው። ልጁ ቃል ሲፈልግ፣ ሲጥል፣ ሲያነሣ ቆይቶ በመጨረሻ አገኘው። ወጣቱ ሰባኪም በጽሞና አዳመጠ፤ አልተስማማም፣ ነገር ግን ልዩነቱ ገባው። ሲወጡ ልጁ ወደ እኛ ዞሮ «መምህር፣ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለን። መልስ አልነበረንም።

ያን ሌሊት ያሳሰበን ይህ ነበር። የአይዳሆው ልጅ ለማያውቀው ሕዝብ ሲል የባዕድ ቋንቋ በጥቂት ሳምንታት ጀመረ። እኛ የራሳችንን ልጅ 17 ዓመት በቤተ ክርስቲያን አቁመን፣ አስቀድሰን፣ አቁርበን፣ የእምነቱን መሠረት በሚገባው ቃል አልነገርነውም። ጥፋቱን በወላጆች ብቻ ልናላክከው አንችልም፤ እኛ መምህራን ነን ያልን ቀዳሚዎቹ ባለዕዳዎች ነን።

በዚህ ነገር ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ሁለት ነገሮችን እናስታውስ። አንደኛው፣ ይህ ማኅበር እስከ ሰኔ 1978 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የጥቁር ዘር ያላቸውን ወንዶች ለክህነት አያበቃም ነበር። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በፊልጶስ እጅ በተጠመቀበት ጊዜ ስለ ቆዳው ቀለም የጠየቀው እንዳልነበረ ለሚያውቅ ክርስቲያን ይህ የሚያሳዝን ታሪክ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እኛን በቀጥታ ይነካል። በ1977 ዓ.ም. ወገኖቻችን በረኃብ ሲያልቁ፣ ጥር 19 ቀን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1985፣ የእነርሱ ምእመናን በሰሜን አሜሪካ ልዩ ጾም ዐውጀው ጾሙ፤ ያልበሉትን ምግብ ዋጋ ቢያዋጡ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ ገንዘቡም ለረኃብተኞች መርጃ ዋለ። በሃይማኖት የማይመስለን ሰው ተርቦ ያበላንን ልንረሳ አይገባም። የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ የተማርን ነንና ሰውየውን እናከብራለን፤ ትምህርቱን ግን አንቀበልም። ሁለቱ አይጣሉም።

የስብከት ትጋትም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተስዓቱ ቅዱሳን ከሩቅ አገር መጥተው ግእዙን ተምረው መጻሕፍትን ተርጉመውልናል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ እስከ ዳሞት ተዘዋውረው ሰብከዋል። በ1962 ዓ.ም. ወደ ጃማይካ የተላኩት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ፣ በሕዝቡ ቋንቋ አስተምረው ብዙዎችን አጥምቀዋል። የአብነት ተማሪውስ ቢሆን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ያደገው ለሁለት ዓመት ሳይሆን ለዐሥርና ለሃያ ዓመት አይደለምን? የጎደለን ትጋት አይደለም፤ ያን የደከምንበትን ሀብት ለልጆቻችን በሚገባቸው ቃል ማካፈል ነው።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ያን ልጅና ስምንት ጓደኞቹን ሰብስበን አምስቱን አዕማደ ምሥጢር አንድ በአንድ ማስረዳት ጀመርን። እኛ በአማርኛ ስንናገር እነርሱ በጀርመንኛ ይጽፉ ነበር። ለሥጋዌ ቃል ለማግኘት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከተመለስን በኋላም ልጁ በየጊዜው ጥያቄ ይልክልናል፤ አንዳንዱን ለመመለስ የቆዩ መጻሕፍታችንን እንደ ገና ገልጠናል።

ስለዚህ ክርስቲያን ቤተ ሰቦች ሆይ፣ በዛሬው በዓል የጾሙን ፍጻሜ አክብረን ከማዕድ ስንቀመጥ፣ ልጆቻችንን አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፤ «አንድ አምላክ ስንል፣ ሦስት አካል ስንል ምን ማለታችን ነው?» እንበላቸው። ካላወቁ አንቈጣ። እኛም ካላወቅን ወደ ካህኑና ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አብረን እንሂድ። እንግዳ በራችንን ባንኳኳ ጊዜ ውኃ አንከልክለው፤ ሲጠይቀንም የምንመልሰው ይኑረን።

የጴጥሮስና የጳውሎስ አምላክ ልጆቻችንን በሃይማኖት ያጽናልን፤ አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።