የፖከር ውድድር፦ ንግድ ወይስ ቁማር?

ቀን ድርጅቱን እየመራ ማታ ፖከር የሚወዳደር ወጣት «ችሎታ ነው፤ ንግድም እኮ ኪሳራ አለው» ሊል ይችላል። እስኪ እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ የተካሄደውን የዓለም ፖከር ውድድር እንይ። 839 ሰዎች ገቡ፤ መግቢያው 10,000 ዶላር ነበር። የሂሳብ ሠራተኛው ክሪስ መኒሜከር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወስዶ ዝናው ናኘ። ሽልማት የደረሳቸው ግን 63 ብቻ ናቸው፤ 776ቱ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሽልማቱ የተዋጣው ከተወዳዳሪዎቹ መግቢያ ነው።

በንግድ ገዢው በገንዘቡ ምትክ ዕቃ ወይም አገልግሎት ያገኛል። እዚህ ግን የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ ነው። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 90 ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር ከልክሏል፤ ችሎታ መጨመሩ ይህን አይለውጠውም። ወንድሜ፣ በሐላል የለፋህበትን ገንዘብ ለዚያ ጠረጴዛ አትስጥ። ወላሁ አዕለም።