ለቢራ ባሕር መሻገር ያዋጣል? የሄልሲንኪና የታሊን ሒሳብ

ከሄልሲንኪ የተነሣ መርከብ የፊንላንድን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ርቀቱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም አገሮች የአውሮፓ ኅብረት አባል ናቸው፤ ሁለቱም በዩሮ ይገበያያሉ፤ በመካከላቸው የጉምሩክ ቀረጥ የለም። በቢራ ላይ የሚጥሉት ኤክሳይዝ ታክስ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ስለዚህም ከታሊን በሚመለሱት መርከቦች ላይ፣ በተለይ በበጋው ወራት፣ ባለ 24 ጣሳ ካርቶን በሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ደርድሮና በላስቲክ ገመድ አስሮ የሚጎትት ፊንላንዳዊ ማየት የተለመደ ነው።

ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ተጓዥ ነው። ርካሽ ቢራ በገፍ የሚጭነውን ትተን፣ በትናንሽ ጠማቂዎች እጅ የተጠመቀ ክራፍት ቢራ ሊቀምስና ጥቂቱንም ይዞ ሊመለስ የሚሄደውን እንመልከት። ሄልሲንኪም ሆነ ስቶክሆልም የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዕረፍት ቀን ታሊንን ሲያስቡ ይህ ጥያቄ ይነሣል። ጉዞው ያዋጣል? ምን ይዞ መመለስ ይሻላል? ምንስ እዚያው መጠጣት? መልሱ ያለው ግብሩ በሚሰላበት መንገድ ውስጥ ነው።

ፊንላንድም ኢስቶኒያም የቢራ ኤክሳይዝ የሚያስከፍሉት በጠርሙሱ ውስጥ ባለው ንጹሕ አልኮል ልክ ነው። ውድ ቢራም ሆነ ርካሽ ቢራ፣ አልኮሉ እኩል ከሆነ መደበኛ ተመኑ እኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በነበረው ተመን ፊንላንድ በአንድ ሴንቲ ሊትር ንጹሕ አልኮል 38 ሳንቲም ገደማ ታስከፍል ነበር፤ ኢስቶኒያ ደግሞ 13 ሳንቲም ገደማ። ልዩነቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

አሁን ይህን ወደ ጠርሙስ እንመልሰው። በታሊኑ ጠማቂ ፖህያላ ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ቢራ «ኧኧ» ይባላል፤ 10.5 በመቶ አልኮል ያለው ጥቁር የባልቲክ ፖርተር ነው። 33 ሴንቲ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 3.5 ሴንቲ ሊትር የሚጠጋ ንጹሕ አልኮል አለ ማለት ነው። በፊንላንድ መደበኛ ተመን ኤክሳይዙ 1 ዩሮ ከ32 ሳንቲም ይሆናል፤ በኢስቶኒያ 45 ሳንቲም። ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ በኤክሳይዙም ላይ ስለሚሰላ፣ በዚያው ዓመት የነበረውን የፊንላንድን 24 በመቶና የኢስቶኒያን 20 በመቶ ስንጨምርበት፣ በአንድ ጠርሙስ የሚታየው የግብር ልዩነት 1 ዩሮ ከ9 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። 4.7 በመቶ አልኮል ባለው ተራ ላገር ቢራ ላይ በተመሳሳይ መጠን ሲሰላ ልዩነቱ ከ50 ሳንቲም አይበልጥም።

የመጀመሪያው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ተጓዡ የሚሸከመው ክብደት ለሁለቱም ጠርሙሶች አንድ ነው፤ ከግብር የሚያተርፈው ግን በጠንካራው ከእጥፍ በላይ ነው። ቦታና ጉልበት ውስን ለሆነበት ሰው የሚያዋጣው ጠንካራውን መሸከም ነው።

የቢራው ጠባይም ይህንኑ ይደግፋል። ከፍተኛ አልኮልና የተቆላ ብቅል ያለበት ፖርተር ወይም ስታውት በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ከተቀመጠ ወራትን፣ አንዳንዱም ዓመታትን ይችላል። ሆፕስ በሚባለው ተክል መዓዛ የሚወደደው አይፒኤ የተባለው የቢራ ዓይነት ግን በተቃራኒው ነው። የብርቱካንና የማንጎ ሽታ የሚሰጠውን የሆፕስ ዘይት ሙቀትና ኦክስጅን ቶሎ ያጠፉታል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ቢራው ጠፍጣፋና ጣፋጭ ነገር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጣሳውን ገልብጦ ታችኛው ክፍል ላይ የታተመውን ቀን ማንበብ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ጠማቂ የታሸገበትን ቀን ይጽፋል፤ አንዳንዱ የሚያበቃበትን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። የሚያበቃበት ቀን ገና ስድስት ወር ቀረው ማለት መዓዛው አለ ማለት አይደለም። ይህን ዓይነቱን ቢራ ተሸክሞ ባሕር ከማሻገር እዚያው ከቧንቧው ትኩሱን መጠጣት ይሻላል።

ለዚህ ደግሞ ታሊን የተመቸች ናት። ፖህያላ በ2011 የተመሠረተ ሲሆን፣ ዛሬ የጠመቃ ቤቱና መጠጫ አዳራሹ ኖብሌስነር በሚባለው የባሕር ዳርቻ ሰፈር ይገኛሉ። ሰፈሩ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ ለሩሲያ ዛር ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ ሲሠራበት የነበረ ግቢ ነው፤ ስሙም ኖቤልና ሌስነር ከሚባሉት ሁለት ኢንዱስትሪያሊስቶች ስም የተገጣጠመ ነው። ትልልቆቹ የቀድሞ የመርከብ ግንባታ አዳራሾች አሁን ምግብ ቤት፣ ሙዚየምና መኖሪያ ሆነዋል። ቴሊስኪቪ ደግሞ በባቡር ጣቢያው በስተጀርባ ያለ የቀድሞ ፋብሪካ ግቢ ነው፤ ፑደል የሚባለው የቢራ ባር የተከፈተው እዚያ ነው። አንድ የቀድሞ ፋብሪካ ሰፈር በአነስተኛ ጠማቂና በቡና ቤት ሲነቃ ማየት ለኢኮኖሚ ጸሐፊ ራሱን የቻለ ደስታ ነው። በእኔ አስተያየት የታሊን ጉዞ ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ከካርቶኑ ይልቅ ከዚህ ነው።

ወደ ካርቶኑ ልመለስ። 24 ጠርሙስ «ኧኧ» የያዘ ሰው ከግብር ልዩነት የሚያተርፈው፣ ባየነው ስሌት፣ 26 ዩሮ አካባቢ ነው። ክብደቱ ደግሞ ከጠርሙሱ ጋር ከ13 ኪሎ አያንስም። የመርከብ ትኬት ዋጋ እንደ ቀኑ፣ እንደ ሰዓቱና እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል፤ በብርዱ ወራት ማክሰኞ ርካሽ ሲሆን በሐምሌ ቅዳሜ ይወደዳል። በውድ ቀን የተሳፈረ እግረኛ ትርፉን ትኬቱ ብቻ ሊውጥበት ይችላል። ምሳና አንድ ሁለት ብርጭቆ ሲጨመር ደግሞ ሒሳቡ ወደ ኪሳራ ያዘነብላል። በመኪና የሚሻገር ሰው ሁኔታው ይለያል፤ እሱ ግን ለሰርግ ወይም ለትልቅ ግብዣ ካልሆነ በቀር ያን ሁሉ ጠንካራ ቢራ ምን ያደርገዋል?

በተጨማሪም እስካሁን ያሰላሁት በመደበኛው ተመን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በዓመት ከ200,000 ሄክቶ ሊትር በታች ለሚጠምቁ ነፃ አነስተኛ ጠማቂዎች አባል አገሮች ኤክሳይዙን እስከ ግማሽ እንዲቀንሱላቸው ይፈቅዳል። አንድ አገር ቅናሹን ለራሱ ጠማቂዎች ከሰጠ፣ ከሌሎች አባል አገሮች ለሚመጣ አነስተኛ ጠማቂ ቢራም ሊነፍግ አይችልም። ስለዚህ ቅናሹን በሚያገኝ ክራፍት ቢራ ላይ በሄልሲንኪና በታሊን መካከል ያለው የግብር ልዩነት በትልልቆቹ ፋብሪካዎች ላገር ላይ ካለው ይጠብባል። ተጓዡ በመደርደሪያ ላይ የሚያየው የዋጋ ልዩነት እንግዲህ ከየት መጣ? ከፊሉ ከቤት ኪራይና ከደመወዝ ነው፤ ሄልሲንኪ በሁለቱም ከታሊን ትወደዳለች። ከፊሉ ደግሞ ከሽያጭ ሥርዓቱ ነው።

ፊንላንድ በ1919 የጀመረችውን አልኮልን ፈጽሞ የመከልከል ሕግ በ1932 ስትሽር፣ በምትኩ ያቋቋመችው አልኮ የሚባል የመንግሥት ሞኖፖሊ ነው። ለረጅም ዘመን ግሮሰሪዎች ከ4.7 በመቶ በላይ የሆነ ቢራ መሸጥ አይችሉም ነበር። በ2018 ጣሪያው ወደ 5.5 በመቶ ከፍ አለ፤ በዚያው ሕግ አነስተኛ ጠማቂዎች እስከ 12 በመቶ የሚደርስ ቢራቸውን ከጠመቃ ቤታቸው በቀጥታ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። በ2024 ደግሞ የግሮሰሪው ጣሪያ እስከ 8 በመቶ ደረሰ። ለክራፍት ቢራ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ አብዛኞቹ አይፒኤዎች በ5.5 እና በ8 በመቶ መካከል ናቸውና። አንድ ሻጭ ብቻ በነበረበት ቦታ ብዙ ሻጭ ሲገባ ምርጫ ይሰፋል፤ ለዚህ ዓይነቱ ቢራ ባሕር የመሻገር ምክንያትም ይቀንሳል። ከ8 በመቶ በላይ ያለው ግን አሁንም በአብዛኛው በአልኮ እጅ ነው። ይህም ቀደም ብለን ወደ ደረስንበት ነጥብ ይመልሰናል፤ ከታሊን የሚሸከሙት ጥቁሩንና ጠንካራውን ነው።

የመንግሥታቱ ታሪክ ከተጓዡ ሒሳብ በላይ ያስተምራል። ኢስቶኒያ በግንቦት 2004 ኅብረቱን ስትቀላቀል ፊንላንዳውያን ለራሳቸው ፍጆታ የሚያመጡት የአልኮል መጠን ገደብ እንደሚነሣ ስለታወቀ፣ የፊንላንድ መንግሥት አስቀድሞ በመጋቢት ወር የአልኮል ግብሩን በአማካይ በ33 በመቶ ቀነሰ። ገበያው ወደ ታሊን ሙሉ በሙሉ እንዳይፈስ የተወሰደ እርምጃ ነበር። ፍጆታ ግን ጨመረ፤ ከአልኮል ጋር የተያያዘ ሞትም በዚያው ዓመት በግልጽ ከፍ አለ። ከ2008 ጀምሮ መንግሥት ግብሩን ደጋግሞ ወደ ላይ መልሶታል። አንድ ሳንቲም ሲቀነስ ከበጀቱ ይልቅ ሆስፒታሉ ቀድሞ የሚያውቅበት የግብር ዓይነት ይህ ነው፤ ስለዚህ የፊንላንድን ከፍተኛ ተመን ከስግብግብነት የመነጨ አድርጎ ማየት ስህተት ነው።

ኢስቶኒያ ደግሞ ተቃራኒውን ሞከረች። በሐምሌ 2017 የቢራ ኤክሳይዟን በ70 በመቶ አሳደገች። ስሌቱ በከፊል ፊንላንዳውያን ለማንኛውም ይመጣሉ፣ ይከፍላሉም የሚል ነበር። የሆነው ግን ኢስቶኒያውያን ራሳቸው፣ ፊንላንዳውያንም አብረው፣ መኪናቸውን ወደ ደቡብ አዙረው ላትቪያ ገቡ። ቫልጋና ቫልካ በድንበር ለሁለት የተከፈለች አንዲት ከተማ ናት፤ በላትቪያው ወገን በቫልካና በባሕሩ ዳርቻ በአይናዢ የአልኮል መደብሮች ተስፋፉ። የኢስቶኒያ መንግሥት ያሰበውን ገቢ አላገኘም፤ በሐምሌ 2019 ኤክሳይዙን በ25 በመቶ ቀነሰ። ላትቪያም በተራዋ በጠንካራ መጠጦች ላይ ያለውን ግብር ዝቅ አድርጋ መለሰች። ድንበሩ ክፍት በሆነበትና ጎረቤት ቅርብ በሆነበት ቦታ የአንድ አገር የግብር ተመን የሚወሰነው በአንድ ዋና ከተማ ብቻ አይደለም። በሞያሌና በቶጎ ውጫሌ በኩል ሸቀጥ ለምን እንደሚፈስ የሚከታተል የአገራችን አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ በኅብረቱ አገሮች ተጓዡ ለራሱ እስከገዛ ድረስ ድርጊቱ ሕጋዊ መሆኑ ነው።

ሕጋዊነቱም ልክ አለው። በኅብረቱ አገሮች መካከል ለራስ ፍጆታ ግብሩ በተገዛበት አገር ተከፍሏል ተብሎ ይታለፋል፤ 110 ሊትር ቢራ እንደ መመሪያ መጠን ይወሰዳል። ከዚያ በላይ የያዘ ሰው ለራሱ መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ተጓዡ ከዕቃው ጋር አብሮ መጓዝ አለበት። ለጓደኛ ገዝቶ ገንዘቡን መቀበል ደግሞ እንደ ንግድ ሊቆጠር ይችላል፤ «አንተ ስትሄድ ለኔም አምጣልኝ» መባባል ለለመድነው ለእኛ ይህ ሊሰመርበት የሚገባ ነው። ስጦታ ችግር የለውም፤ ክፍያ ግን አለው።

ከስቶክሆልም ለሚነሣ ሰው ሌላ መንገድ አለ። በኦላንድ ደሴቶች በኩል የሚያልፉ መርከቦች ከቀረጥ ነፃ ሱቅ አላቸው፤ ደሴቶቹ ከኅብረቱ የግብር ክልል ውጭ ናቸውና። በቀጥታ ሄልሲንኪና ታሊንን የሚያገናኘው መርከብ ላይ ግን ይህ የለም፤ በሱቁ የሚሸጠው ግብር የተከፈለበት ነው። ከቀረጥ ነፃ የሚገዛው ቢራ መጠን ደግሞ በ16 ሊትር የተገደበ ነው። በመርከብ ሱቆች የሚገኘውም በአብዛኛው የታወቀው የትልልቅ ፋብሪካ ምርት ስለሆነ፣ ክራፍት ቢራ ፈላጊውን ብዙም አይጠቅመውም።

ጉዞ ለማቀድ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ቀኑን ከትኬቱ ዋጋ አንጻር ይምረጥ፤ ከሳምንቱ አጋማሽ ውጭ ያለው ቀን ይወደዳል። በኢስቶኒያ ሱቆች አልኮል የሚሸጡት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ በሌሊት መርከብ ለመመለስ ያሰበ ግዢውን አስቀድሞ ይጨርስ። የጣሳና የጠርሙስ መያዣ ገንዘብ በየአገሩ የተለየ ነው፤ ታሊን የተከፈለው መያዣ ሄልሲንኪ ባለ ማሽን አይመለስም፤ ይህም ከትርፉ ላይ ይቀነሳል። ተመኖቹም አንድ ቦታ አይቆሙም። የፊንላንድ ተጨማሪ እሴት ታክስ በመስከረም 2024 ወደ 25.5 በመቶ፣ የኢስቶኒያው በሐምሌ 2025 ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል፤ በዚህ በኩል ልዩነቱ እየጠበበ ነው። ከመሳፈር በፊት የሁለቱን አገሮች የወቅቱን ተመን ከግብር መሥሪያ ቤቶቻቸው አይቶ፣ በሚፈልጉት ጠርሙስ የአልኮል መጠን ማባዛት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።