ኮምፒዩተሩ «ፋይሉ የለም» ሲለን

በርካታ ፎቶግራፎችን በአንድ ጊዜ ለማሳነስ በፓይተን ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመናል። ፎቶግራፎቹ በፎልደሩ ውስጥ በዓይን እየታዩ ፕሮግራሙ «ፋይሉ የለም» ብሎ ይቆማል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሊስትዲር የተሰኘው ትእዛዝ የፎልደሩን ይዘት ሲዘረዝር የሚሰጠን የፋይሎቹን ስም ብቻ ነው። ይህንኑ ስም ምስል ለሚከፍተው ለፒሎው ብናቀብለው፣ ፋይሉን የሚፈልገው ፎቶግራፎቹ ባሉበት ሳይሆን ፕሮግራሙን ስናስነሣ በነበርንበት ፎልደር ነው። ነገሩ የቤት ቁጥር ይዞ ቀበሌውን እንደማያውቅ እንግዳ ነው። ስለዚህ የፎልደሩን አድራሻ ከፋይሉ ስም ጋር ማጣመር ይገባል። በ2014 እ.ኤ.አ. ከፓይተን 3.4 ጋር የወጣው ፓዝሊብ ይህን ሥራ ያቃልልልናል።

በዊንዶውስ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አድራሻ የሚለያየው ወደ ኋላ ያዘነበለ ጭረት፣ ኤን የተባለው ትንሽ ፊደል ሲከተለው ፓይተን «አዲስ መስመር» ብሎ ይተረጉመዋል። ወደ ፊት ያዘነበለውን ጭረት ብንጠቀም ችግሩ ይወገዳል።

ከሁሉ የከፋው ግን ያለ ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ስሕተት ነው። ያነሰውን ምስል በዚያው ፎልደር፣ በዚያው ስም ብናስቀምጥ ዋናው ይደመሰሳል። 4000 በ3000 የነበረው ምስል 800 በ600 ሲሆን ከ12 ሚሊዮን ነጥቦች የሚቀሩት 480 ሺህ ብቻ ናቸው፤ የጠፋውን ዝርዝር መልሶ ማግኘት አይቻልም። ፒሎው ፎልደር ስለማይፈጥር፣ ለውጤቱ የተለየ ፎልደር በኤምኬዲር ትእዛዝ አስቀድመን እናዘጋጅ። ፕሮግራሙንም በመጀመሪያ በሁለት ሦስት ቅጂዎች ላይ እንሞክረው።