ስሙ የተለወጠ ማደያ

ከእንጦጦ ማርያም ደጀ ሰላም ቁልቁል አዲስ አበባን የሚመለከት ሰው፥ ይህች ሰፊ ከተማ ከተራራው ወደ ሜዳው የወረደችው ስለ ብርዱና ስለ ፍልውሃው ብቻ ሳይሆን ስለ ማገዶም ጭምር መሆኑን ቢያስብ አይሳሳትም። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚህች ቤተ ክርስቲያን ቅብዐ መንግሥት ተቀብተው ሲነግሡ፥ የዙሪያው ጫካ ለቤትና ለእሳት እየተመነጠረ ነበር፤ ባሕር ዛፍ ተተክሎ እስኪያድግ ድረስም የመናገሻይቱ ሕዝብ በማገዶ እጦት ተጨንቆ ኖረ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢል ይዞ በመጣ ጊዜ ግን፥ በምድራችን የማይበቅል፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ሌላ ነዳጅ አስፈላጊ ሆነ።

ይህን ነዳጅ በመቸርቸር ለብዙ ዓመታት የታወቁት አራት የባዕድ ኩባንያዎች ነበሩ፦ ሼል በዛጎሉ፥ ሞቢል በክንፋሙ ቀይ ፈረስ፥ አጂፕ እሳት በሚተፋው ባለ ስድስት እግር ጥቁር ውሻ፥ እንዲሁም በ1942 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ቶታል። የዘውዱ መንግሥት አልፎ ደርግ ሲተካ እንኳ እነዚህ ምልክቶች ከአውራ ጎዳናው አልወረዱም፤ የአሰብ ማጣሪያም እስከ 1989 ዓ.ም. ድረስ ድፍድፉን እያጣራ አገልግሏል።

የስሞቹ ፍልሰት የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሞቢል ማደያዎች ወደ ቶታል ሲዞሩ፥ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ሼል ንብረቱን ለኦይል ሊቢያ ሸጦ ወጣ፤ ኦይል ሊቢያም ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ኦላ ኢነርጂ ተባለ። ቶታል ራሱ በ2013 ዓ.ም. ቶታል ኢነርጂስ ሆኗል። ሕዝቡ ግን ለአዲስ ሰሌዳ አይቸኩልም፤ በምዕራብ አዲስ አበባ የሚሄድ የታክሲ ረዳት ዛሬም «ቶታል ሦስት ቁጥር ማዞሪያ» እያለ መንገደኛውን ይጠራል።

ስለ ስም ይህን ያህል ወጪና ድካም ለምን? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ የንግዱን ሥርዐት ማወቅ አለበት። ቤንዚንና ናፍጣውን ከውጭ የሚገዛው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው፤ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣው አንዱ ፈሳሽ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ ዋጋውንም መንግሥት ስለሚወስን ማንም ማደያ ከጎረቤቱ አርክሶ ሊሸጥ አይችልም። እንግዲህ ሸቀጡም ዋጋውም አንድ ከሆነ፥ ለነጋዴው የሚቀረው ሀብት መታመን ነው፦ ሊትሩ ሙሉ መሆኑ፥ ውኃ ያልተቀላቀለበት መሆኑ፥ በችግር ቀን ጋኑ ባዶ አለመሆኑ፥ ቀጂው አክብሮ ማስተናገዱ። ስም የዚህ ሁሉ ማኅተም ስለሆነ፥ ሰሌዳው ሲቀየር ቀለሙ፥ የቀጂው ልብስና ደረሰኙ አብረው ይለወጣሉ፤ የማደያው ባለቤትና ከምድር በታች ያለው ጋን ግን ብዙ ጊዜ እንደ ነበሩ ይቀጥላሉ። በእኔ አስተያየት ደንበኛው አዲሱን ቀለም ሳይሆን መስፈሪያውን ቢመረምር ይበጀዋል።

በዚህ የስም ፍልሰት ዘመን የተነሣው ኖክ ለእኔ ከሁሉ የላቀ ትርጕም አለው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሼህ ሙሐመድ ሑሴን አል አሙዲ ዋና ባለድርሻ ሆነውበት የተቋቋመው ይህ ኩባንያ፥ የተተወ ስም ሳይወርስ በራሱ ስም ጀምሮ ከአገሪቱ ታላላቅ ነዳጅ አከፋፋዮች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ከዓለም አቀፎቹ አንዳንዶቹ ከአፍሪካ የችርቻሮ ገበያ እየወጡ በነበሩበት ወቅት የአገር ልጆች ይህን ከባድ ሥራ ተቀብለው መሥራታቸው ሊመሰገን ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ፥ ማደያዎቹ ከእንግዲህ ከሰሌዳው አልፈው የሚሸጡትን ነገር ራሱን መለወጥ ይጠበቅባቸዋል፤ ከነዳጁ መቅጃ ጎን የኤሌክትሪክ መሙያ የሚተክል ማደያም፥ ደንበኛው አምስት ደቂቃ ቆሞ የሚሄድ ሳይሆን ባትሪው እስኪሞላ ተቀምጦ የሚጠብቅ ስለሚሆን፥ ማረፊያ ስፍራ አስቀድሞ ማሰናዳት ይኖርበታል።