ዓይንዎ አይደለም፤ ፕሮጀክተሩ ነው

በቅርቡ ከልጄ ጋር ስሪ ዲ ፊልም ልናይ ገብተን ነበር። ፊልሙ ገና ግማሽ ሳይደርስ መነፅሯን አውልቃ ዓይኗን ማሸት ጀመረች። «ምነው?» ብላት፣ «ምንም አይደል አባዬ፣ ዓይኔ ደክሞ ነው» አለችኝ። ይህችን መልስ ከሃያ አምስት ዓመታት በፊት በሌላ አገርና በሌላ ቋንቋ ከአንዲት አዛውንት እናት አፍ ሰምቻታለሁ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የዓይናቸው ሳይሆን የእኔ የእጄ ነበር። በሕግ ሙያ የሌላውን ጥፋት ስቆጥር ኖሬያለሁና ዛሬ የራሴን ልናገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለትምህርት አውሮፓ ሳለሁ፣ በወር አንድ ምሽት የሚሰበሰብ የስቴሪዮ ስላይድ ክበብ አባል ሆንኩ። አብዛኞቹ አባላት ጡረተኞች ነበሩ። ሻይና ብስኩት ይቀርባል፣ መብራት ይጠፋል፣ ከዚያም ተራራው፣ ወንዙ፣ የሠርግ ድግሱ ከግድግዳው ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ የቆመ ይመስላል። እዚያ የወሰደኝ ብርዱና ብቸኝነቱ ነበር፤ ያስቀረኝ ግን ይኸው ትርኢት ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሁለቱ ዓይኖቻችን በአማካይ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። እያንዳንዱ ዓይን ዓለምን ጥቂት ለየት ካለ ቦታ ያያል፤ አንጎላችን ሁለቱን ዕይታዎች አዋህዶ ቅርቡንና ሩቁን ይለያል። ይህን እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን በ1838 እ.ኤ.አ. በሥዕሎችና በመስተዋት አሳየ። በልጅነታችን ከጎረቤት ልጅ ተሻምተን ዓይናችን ላይ የምንደግነው ቪው ማስተርም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ስቴሪዮ ሪያሊስት የተባለው የአሜሪካ ካሜራ ደግሞ ጎን ለጎን በተተከሉ ሁለት ሌንሶች የግራና የቀኝ ዓይን ሥዕሎችን በአንድ ጊዜ ያነሣ ነበር።

ሥዕሎቹን ለብዙ ሰው ለማሳየት ሁለት ፕሮጀክተሮች ያስፈልጋሉ። አንዱ የግራ ዓይንን፣ ሌላው የቀኝ ዓይንን ሥዕል እዚያው ስክሪን ላይ ደራርበው ይጥላሉ። በሌንሶቹ ፊት ፖላራይዝድ ማጣሪያዎች ይቆማሉ፤ አንዱ በ45 ዲግሪ ወደ አንድ ጎን፣ ሌላው በ45 ዲግሪ ወደ ሌላው ጎን ያዘነበሉ ናቸው። የተመልካቹ መነፅርም በዚሁ አኳኋን የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዱ ዓይን የራሱን ሥዕል ብቻ ያያል። ስክሪኑ የብር ቀለም ያለው መሆን አለበት። ነጭ ግድግዳ የብርሃኑን አቅጣጫ ስለሚያምታታው ሁለቱም ሥዕሎች ለሁለቱም ዓይኖች ይደርሳሉ።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ከክበቡ አባላት አንዷ የነበሩት አዛውንት እናት፣ በሞት የተለዩዋቸውን ባለቤታቸውን በወጣትነታቸው ያነሡባቸውን ስላይዶች አንድ ቀን ይዘው መጡ። ፍሬሞቹ አርጅተው ስለነበር በአዲስ የመክተቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም በዚያው ከሰዓት በኋላ በጥድፊያ ጨረስኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን የለቀምኩት በሰው ፊት ነው።

ስሌቱን ይመልከቱት። የስላይዱ ሥዕል ወርዱ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሜትር በሚሰፋ ስክሪን ላይ ሲወድቅ ወደ 60 እጥፍ ይጎላል። አንዱን ስላይድ ከሌላው ግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጌ ከከተትኩት፣ ስክሪኑ ላይ ልዩነቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዓይኖቻችን ቅርብ ነገር ለማየት ወደ አፍንጫ መዞር ይችሉበታል። አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ማየት ግን የተፈጥሮ ሥራቸው አይደለም። ተመልካቹ ጥቂት ይታገላል፣ ከዚያ ግንባሩን ይይዘዋል፣ ውሎ አድሮ ሥዕሉ ሁለት ይሆንበታል።

ባለቤታቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፈገግ ያሉበት ሥዕል ሲወጣ፣ ፊታቸው ለሁለት ተከፈለ። እኔም ደንግጬ ቁልፎቹን ማዞር ጀመርኩ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፤ ባሰበት። እናትየዋ መነፅራቸውን አውልቀው፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዓይኔ አርጅቷል» አሉ። በዳዩ ዝም ብሎ ተበዳዩ ይቅርታ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ምሽት ነው።

ከኋላዬ የተቀመጡ አንጋፋ አባል ትከሻዬን ነካ አድርገው ቦታውን ተረከቡኝ። ሲሠሩ ያየሁትን፣ በኋላም ቁጭ አድርገው ያስተማሩኝን እነሆ።

አንደኛ፣ አንዱ ፕሮጀክተር ፈጽሞ አይነካም። ሁለቱንም የሚያንቀሳቅስ ሰው መነሻው ስለሚጠፋበት የቱ እንደተዛነፈ አያውቅም። እርሳቸው ሁልጊዜ የግራውን ትተው የቀኙን ብቻ ያስተካክሉ ነበር።

ሁለተኛ፣ በመጀመሪያ የሚታየው ከፍታ ነው። መነፅሩን ለአፍታ ከፍ አድርገው ስክሪኑን በባዶ ዓይን ያያሉ። የሚፈልጉት አግድም መስመር ነው፤ የጣሪያ ጠርዝ፣ የውኃ ዳር፣ የወንበር መደገፊያ። መስመሩ አንዱ ከሌላው በላይ ሁለት ሆኖ ከታየ ከፍታው ተዛንፏል። ቋሚ ግንድ ወይም የመብራት ምሰሶ ግን ይህን ስህተት አያሳይም። በግራ ጫፍ ተስተካክሎ በቀኝ ጫፍ ከተዛነፈ ደግሞ ስላይዱ ፍሬሙ ውስጥ አዘንብሏል ማለት ነው። በትርኢት መካከል ይህን ማዳን አይቻልም፤ ዋናው ባለጉዳይ ባለበት ቦታ፣ ሰው ከሆነ ፊቱ ላይ አስተካክሎ ጠርዙን መተው ነው።

ሦስተኛ፣ አግድም መዛነፍን ሳይቸግር አይነኩም። በጎን በኩል ያለው ልዩነት ራሱ ጥልቀቱ ነውና ሁሉንም ላጥፋው ያለ ሰው ትርኢቱን ያጠፋዋል። የሚነካው ሁለት ነገር ሲያጋጥም ነው። አንዱ፣ የሩቁ ተራራ ሁለት ምስሎች ከ65 ሚሊ ሜትር በላይ ሲራራቁ ነው፤ ያን ጊዜ ዓይኖች ወደ ውጭ እንዲበተኑ ይገደዳሉ፣ ይህ ደግሞ አይሆንላቸውም። የቀኙን ሥዕል ጥቂት ወደ ግራ ሲስቡት መላው ትዕይንት ወደ ተመልካቹ ይቀርባል፣ ዓይንም ያርፋል። ሌላው፣ ከስክሪኑ ወደ እኛ የወጣ ነገር በጎን ጠርዝ ሲቆረጥ ነው። በመስኮት በኩል እያየነው ከመስኮቱ ወዲህ የቆመ ሰው ግማሹ በመስኮቱ ፍሬም ሲሸፈን አንጎል ግራ ይጋባል። መፍትሔው በተቃራኒው የቀኙን ሥዕል ወደ ቀኝ ገፋ አድርጎ ትዕይንቱን ማራቅ ነው። አንዱን ሲያድኑ ሌላውን እንዳያበላሹ ግን ይጠንቀቁ።

አራተኛ፣ ቁልፉ በዝግታ ይዞራል። ዓይን ዝግ ያለ እንቅስቃሴን ሳያውቀው ይከተላል፤ ድንገተኛውን ግን እንደ ግፊያ ይቆጥረዋል። ከተቻለ ማስተካከያው ስላይድ ሲለወጥ ባለችው ጨለማ ውስጥ ያልቃል።

አምስተኛ፣ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ለአንድ መጥፎ ስላይድ የተደረገ እርማት ከስላይዱ ጋር ይሻራል። የካሮሴል ትሪ 80 ስላይድ ይይዛል። በ14ኛው ላይ ያዞሩትን ቁልፍ ወደ ቦታው ሳይመልሱ 15ኛውን ካሳዩ፣ ምንም ጥፋት የሌለበትን ስላይድ በሌላው ጥፋት ቀጡት ማለት ነው። አንጋፋው ሰው ቁልፋቸው ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርገው ነበር፤ በጨለማም ቢሆን ወደዚያ ይመለሳሉ። የማይድን ስላይድ ሲያጋጥማቸው ደግሞ አይሟገቱም፤ ያልፉታል።

ቁልፍ የማይፈታቸው ችግሮችም አሉ። ግራና ቀኙ ከተቀያየረ ሩቁ ቅርብ፣ ቅርቡ ሩቅ ይመስላል። የተቀያየረው አንድ ስላይድ ብቻ ከሆነ ተመልካቹ የወረቀት መነፅሩን ገልብጦ፣ ላዩን ታች አድርጎ ይያዝ። የግራው ማጣሪያ በቀኝ ዓይን ላይ ስለሚያርፍ ሥዕሉ ይስተካከላል። አንዱ ትሪ አልፎ ሌላው ከቀረ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የተጣመረው ከባዕድ ጋር ነው። መብራቱን አጥፍቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ በስላይዶቹ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አመሳክሮ መቀጠል ነው። የካርቶን ፍሬም ያለው ስላይድ በአምፖሉ ሙቀት ተለጥጦ ፎከሱን ቢያጣ፣ ጥቂት ሴኮንድ ታግሶ አንድ ዓይን በመጨፈን የየፕሮጀክተሩን ፎከስ ለየብቻ ማረም ይሻላል። በመጨረሻም አስተካካዩ ራሱ መነፅር አድርጎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይቀመጥ። ጭንቅላቱን ያዘነበለ ሰው መነፅሩም አብሮ ስለሚያዘነብል የሌለ ስህተት ያያል።

ኮዳክ ስላይድ ፕሮጀክተር ማምረት ያቆመው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ጥንድ ሥዕሎችን ከትርኢት በፊት በራሱ የሚያስተካክል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ትሪና ቁልፍ ግን አሁንም በአፍቃሪዎቻቸው እጅ ይኖራሉ። ቴክኒኩም ቢያረጅ፣ የተመልካቹ ባሕርይ አላረጀም። ተመልካች ጨለማ ውስጥ ነው፤ ምን እንደተዛነፈ አያውቅም፤ ስለዚህ ራሱን ይከስሳል። የማስረዳት ሸክሙ ያለው ከመሣሪያው ኋላ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው። እርሱ ከመካከላቸው ዓይኑን ያሸውን ሰው ሲያይ ፈጥኖ መጠርጠር ያለበት የሰውየውን ዓይን ሳይሆን የራሱን እጅ ነው።

ያን ምሽት አንጋፋው ሰው ቁልፉን ሩብ ዙር ያህል አዞሩት። ሁለት የነበረው ፊት አንድ ሆነ፤ ወንበሩም፣ ሰውየውም ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ። እናትየዋ መነፅራቸውን መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደፊት ዘረጉ። ማንም አልሳቀም። መብራት ሲበራ ሄጄ፣ «ዓይንዎ ደህና ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ለልጄም ይህንኑ ታሪክ ነግሬ፣ «ዓይንሽ አይደለም» አልኳት። እርስዎም መነፅርዎን አውልቀው ዓይንዎን ማሸት ሲጀምሩ ወዲያው ይቅርታ አይጠይቁ፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞር ብለው ቁልፉን የያዘው ማን እንደሆነ ይመልከቱ።