ከቀዶ ጥገና በኋላ የቁስልን ቱቦ በቤት ስለ መጠበቅ

ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው አንዳንድ ጊዜ ከቁስሉ አጠገብ ቀጭን ቱቦ፥ በቱቦውም ጫፍ በመዳፍ የምትያዝ የላስቲክ ከረጢት እንዳለችለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ መሣሪያ በቁስሉ ውስጥ የሚጠራቀመውን ደምና ውሃ ያወጣል። ፈሳሹ በውስጥ ቢቀር ቁስሉ ፈጥኖ አይድንም፤ ሊመረቅዝም ይችላል።

ከረጢቷ አየሯ ወጥቶ፥ እንደ ተጨመቀች ስትከደን፥ ወደ ቀድሞ ቅርጿ ለመመለስ ስትጥር ፈሳሹን ትስባለች። ተነፍታ ከቆየች ግን መሳቧን ትተዋለች። ስለዚህ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፥ እስከ እኩሌታዋ ከሞላችም ወዲያው፥ እጅን በሳሙና ታጥቦ ፈሳሹን በመለኪያ መስፈር ይገባል። ሰዓቱ፥ መጠኑና መልኩ ከተጻፈ በኋላ ይደፋ፤ ከረጢቷም እንደገና ተጨምቃ ትከደን።

መዝገብ መያዝ ለእናንተ እንግዳ ሥራ አይደለም፤ ይህኛው ግን የገዛ አካላችሁ መዝገብ ነው። ሐኪሙ ቱቦውን የሚነቅልበትን ቀን የሚወስነው በእርሱ ነውና፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት የሚወጣው ፈሳሽ ከ30 ሚሊ ሊትር ሲያንስ ነው። በግምት የተጻፈ ቍጥር ቱቦው ያለ ጊዜው እንዲነቀል፥ ወይም ያለ ጥቅም ቈይቶ ለበሽታ ተሐዋስያን በር እንዲሆን ያደርጋል።

የፈሳሹ መልክ ቀስ በቀስ ከቀይ ወደ ፈዛዛ ብጫ ቢለወጥ መልካም ምልክት ነው። መግል፥ መጥፎ ሽታ፥ ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኵሳት፥ ወይም ድንገት የበዛ ቀይ ደም ቢታይ ግን ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ቱቦው ቢወጣም እንዲሁ ነው፤ በገዛ እጅ መልሶ መክተት አይገባም።