ፖስትዶክ ፈላጊዎች፦ ለደላላ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

በባዮሜዲካል ዘርፍ ፒኤችዲ ጨርሳችሁ «ውጭ ፖስትዶክ አስገባችኋለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉ» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ቆም በሉ።

ፖስትዶክ ትምህርት አይደለም። ከፒኤችዲ በኋላ በአንድ ላብራቶሪ ለተወሰኑ ዓመታት የሚሠራ፣ ደሞዝ ያለው የምርምር ሥራ ነው። የሚቀጥረው ደግሞ ብዙ ጊዜ የላብራቶሪው ኃላፊ ራሱ ነው።

ስለዚህ ከእናንተ ጥናት ጋር የሚቀራረብ ሥራ የሚሠሩ ኃላፊዎችን ፈልጉ፤ የቅርብ ጊዜ ጽሑፋቸውን አንብባችሁ በቀጥታ ኢሜይል ጻፉላቸው። አጭር ይሁን፦ ምን ሠራችሁ? እነሱ ጋ ምን መሥራት ትፈልጋላችሁ? ሲቪ አያይዙ። አንድ አይነት ኢሜይል ለ50 ሰው መበተን ግን አያዋጣም፤ ወዲያው ያስታውቃል።

ገንዘቡስ? አንዳንዱ ላብራቶሪ ከራሱ የምርምር በጀት ይከፍላል። ካልሆነ ፌሎውሺፕ አለ። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረቱ የማሪ ኩሪ ፌሎውሺፕ ለኢትዮጵያዊም ክፍት ነው፤ ማመልከቻው ከመዘጋቱ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ ግን በምትሄዱበት አገር ከ12 ወር በላይ ኖራችሁ መሆን የለበትም። ለማመልከት ክፍያ የለውም። የሚቀበላችሁ ተቋም ግን ቀድማችሁ ማግኘት አለባችሁ፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ኢሜይል ላይ ትመለሳላችሁ።

ያንን ኢሜይል ደላላ ሊጽፍላችሁ አይችልም። ጥናታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ፒኤችዲ ለጨረሰ ጓደኛችሁ ላኩለት።